ሐይቅን በመስኮት፣ ግሸንን በሩጫ!

መስከረም ሲቃረብ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ያላነበበ የለም። ‹‹ልዩ መንፈሳዊ ጉዞ! ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ቅዱስ ላሊበላ… መስተንግዶን ጨምሮ!›› ይላል። ከሥሩ የስልክ ቁጥር ይደረደራል። ቀኑ አራት፣ ግፋ ቢል አምስት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ብቻ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ግሸን ደግሞ በሌላ አቅጣጫ፣ በኩታበር በኩል ነው። ላሊበላም ከዚያ ወዲያ ተራራ ለተራራ! ይህን የሚያውቅ ሰው ‹‹ለመሆኑ ይኸ ጉዞ ነው ወይስ የመኪና እሽቅድምድም?›› ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እኔ በዚህ መስመር ሦስት ጊዜ፣ ከሦስት የተለያዩ የጉዞ ማኅበራት ጋር ሄጃለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከሰማሁት ሳይሆን ካየሁት ነው። ‹‹ይኼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመሳለም ጠላት የሆነው?›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጠላትስ አይደለሁም። ሕዝባችን ዕቁቡን አጠራቅሞ፣ ከልጁ አፍ ነጥቆ፣ ‹‹አንድ ጊዜ ግሸንን ረግጬ ልሙት›› ብሎ የሚሄድ ሕዝብ ነው። እሱን የሚያማ አፍ የለኝም። የምናገረው ይህን እምነትና ይህን ብር ተቀብሎ በምትኩ ምን እንደሚሰጥ ስለማይጠየቀው ወገን ነው።

እስቲ ጉዞው እንዴት እንደሆነ ላላያችሁት ላውጋችሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰብሰቡ ይባላል፤ አውቶቡሱ የሚነሳው አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ፣ ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት፣ ኮምቦልቻ ላይ ምሳ፣ ደሴ ላይ ድካም። መዝሙሩ አይቋረጥም። በመሀል አንዱ ማይክራፎን ጨብጦ ይሰብካል፣ ሌላው ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሙዳየ ምጽዋት ያዞራል። ሐይቅ በማግስቱ ጠዋት ትደረሳለች። አስተባባሪው ወርዶ ፊሽካውን ይነፋና ‹‹ምእመናን! በአንድ ሰዓት ከሩብ መኪና ውስጥ እንገናኝ!›› ይላል።

አንድ ሰዓት ከሩብ! ለሐይቅ እስጢፋኖስ!

የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ሐይቅ ወደ ግሸን ሲኬድ ‹‹መንገድ ላይ የምትገኝ›› ተብላ የተመረቀች ጭማሪ ሆናለች። ሥጋ ገዝቶ አጥንት እንደሚመረቅለት ሰው። እንዲያውም ከሦስቱ በአንደኛው ጉዟችን ‹‹ሰዓት ሄዶብናል›› ተብሎ ሐይቁን በመስኮት አሳይተውን አልፈናል። ‹‹በስተቀኝ የምታዩት…›› እየተባለ! ካሜራው ቀጭ ቀጭ፣ እልልታው ቅልጥ… በቃ። ሐይቅን ተሳለምን።

ለመሆኑ ያለፍነው ምንድን ነው?

ትውፊቱ ቤተ ክርስቲያኑ በዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ድልናዖድ ጊዜ ተተከለ ይላል። ያ ሩቅ ነው፤ ለሊቃውንቱ እንተወው። እርግጡ ነገር እ.ኤ.አ. በ1248 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባሉ መነኩሴ ወደዚያች ደሴት ገቡ። ያደጉት በደብረ ዳሞ፣ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ነው። ደብረ ዳሞ ደግሞ የዘጠኙ ቅዱሳን የአቡነ አረጋዊ ደብር፣ ሰው በገመድ የሚወጣበት አምባ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ አባ ኢየሱስ ሞዓ የአክሱምን ዘመን የምንኩስና ሥርዓት ከሰሜን አንስተው ወደ ወሎ መሀል አመጡት ማለት ነው። ሐይቅ ላይ 45 ዓመት ያህል ቆዩ። በነዚያ ዓመታት ያደረጉት ነገር በአንድ ቃል ሲባል ትምህርት ቤት መክፈት ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት ማን ማን ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የደብረ ሊባኖስን ገዳም ከመመሥረታቸው በፊት እዚህ ተምረዋል። የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስ የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን የያዘው ይኩኖ አምላክም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተምሯል የሚለው ታሪክ ከገዳሙ ደጃፍ ጠፍቶ አያውቅም። ኋላም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጡ። እኒህ የቦረናው ሰው ሐይቅ ገብተው ሰባት ዓመት ፊደል አልገባ ብሏቸው እህል ሲፈጩ ኖሩ ይባላል። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1424 የተፈጸመውን ‹‹መጽሐፈ ምሥጢር››ን የመሰለ ድርሰት የጻፉ ሊቅ ሆኑ። የእሳቸው ሰዓታት ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ ሌሊት ሌሊት ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ሰዓታት የሚቆመው ካህን፣ ደብረ ሊባኖስ የሚወርደው ተሳላሚ፣ የጣናን ገዳማት የሚጎበኘው ቱሪስት፣ ሁሉም ክሩ ቢጎተት ጫፉ ሐይቅ ላይ ይገኛል። እኛ ለዚህ የመደብነው ሰባ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ ለሽንት ቤት ወረፋ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አስሉት።

የሐይቁ አበምኔት ‹‹ዐቃቤ ሰዓት›› የሚል ማዕረግ ነበረው። ቃሉ የዋህ ይመስላል፤ ሰዓት ጠባቂ። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ ከንጉሡ ጆሮ ሥር የሚቀመጥ ታላቅ ሹም ነበር። በዘርዐ ያዕቆብና በልጁ በበእደ ማርያም ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ምን ያህል ኃያል እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈውታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ብቻ አንድ ራሱን የቻለ ጥናት ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነውና። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ቀኑ ተቆርጦ የተጻፈበት ነው፤ በእኛ ፈረንጅ ስንቆጥር 1280 ወይም 1281 ይሆናል። ቀናቸው በእርግጥ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ውስጡ የአባ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕል አለ። በባዶ ገጾቹ ላይ ደግሞ የገዳሙ ርስትና ጉልት፣ ማን ምን እንደሰጠ ተጽፏል። መዝገብ ቤት በሉት። መንግሥት መዝገብ ቤት ሳይኖረው ሐይቅ ነበረው።

ይህን ብራና ማን አነበበው? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረና ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሱ። ፊልሙ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚባል የካቶሊክ መነኮሳት ቦታ ሄደ። የሐይቁ ወንጌል እዚያ ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዘገበ። ዝርዝሩን ከጻፉት ሊቃውንት ዋናው የኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በጥይት መትተዋቸው ዕድሜ ልካቸውን በተሽከርካሪ ወንበር የኖሩት። ነገሩን አስቡት እንግዲህ። የሐይቅን መጽሐፍ ያነበበልን እግሩን በጥይት ያጣ ሊቅ ነው፤ ያውም ሐይቅ ላይ ሳይሆን በረዶ አገር፣ በፊልም ማንበቢያ መስታወት ላይ ተደፍቶ። ፕሮፌሰሩ በ2013 ዓ.ም. እዚያው በስደት አረፉ። የተዋቸው ዝርዝሮች አሉ። ፊልሙም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል፤ ሚኒሶታ ያለ ተማሪ ቡናውን እየጠጣ ገጹን ይገልጣል። እኛ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭነን ደጃፉ ድረስ ሄደን ‹‹እንዲህ ያለ መጽሐፍ እዚህ አለ›› የሚለን ሰባኪ እንኳ አላገኘንም። በሦስቱም ጉዞ ስለ ወንጌሉ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ካልነገሩት በምን ያውቃል?

አባቶች መጽሐፉን ለመጣ ለሄደው ሁሉ አያውጡ እንደሆነ እኔ አልፈርድባቸውም። ብራና የሸሸጉ ገዳማት ናቸው የዳኑት። የሲና ተራራው የቅድስት ካትሪን ገዳም የጥንቱን የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ለአንድ ጀርመናዊ ሊቅ አሳየ። መጽሐፉ ሩሲያ ገባ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዞች በ100,000 ፓውንድ ገዙት። መነኮሳቱ እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። እዚሁ እኛው ወሎ ውስጥ ደግሞ ከሐይቅ ብዙም ሳይርቅ መቅደላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ስንት መቶ ብራና ተጭኖ እንደሄደ የለንደን ቤተ መጻሕፍት ይመስክር። ሐይቅ ራሱም ተዘርፏል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ታንኳ ሠርቶ በውሃው ላይ ሲመጣ፣ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አተረፉ ሲል የኢማሙ የራሱ ጸሐፊ ዓረብ ፋቂህ ጽፏል። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ ዛሬም አለ።

ነገር ግን ከመሸሸግና ከማሳጣት መካከል ሌላ መንገድ አለ። ያው የሲናው ገዳም ከመጻሕፍቱ ጥቂቶቹን መርጦ፣ በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ ለተሳላሚ ያሳያል። ለሐይቅ ደግሞ ዋናውን ማውጣት እንኳ አያስፈልግም። ፎቶግራፉ አለ። ጥሩ ቅጂ አሳትሞ፣ አንድ ዲያቆን አቁሞ፣ ‹‹ይህ የአባታችን ሥዕል ነው፣ ይህ ደግሞ የተጻፈበት ዓመት›› ብሎ ማስረዳት ምን ያህል ወጪ ነው? አንድ የጉዞ ማኅበር በአንድ መስከረም ለድምፅ ማጉያ የሚያወጣውን ያህል ቢሆን ነው። ቤተ ክህነትስ? የቅርስና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችስ? እነሱማ ሐይቅን የሚያስታውሷት ለግድግዳ ካሌንደር ፎቶ ሲፈልጉ ነው።

ስለ ሴቶቹም ልናገር፤ ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር ነውና። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ እኔ ልለውጠው አልመጣሁም። ነገር ግን በነዚህ አውቶቡሶች ከሚሳፈረው ሰው ከግማሽ በላይ ሴት ነው። እናቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ የባንክ ጸሐፊዎች… የሚከፍሉት ከወንዱ እኩል ነው። ማስታወቂያው ግን ‹‹ሴቶች ውጭ ትቀራላችሁ›› አይልም። በመጨረሻው ጉዞዬ አንዲት ከመርካቶ የመጡ አሮጊት እናት ነገሩን የሰሙት እበሩ ላይ ነው። ‹‹እኔን ማን ነገረኝ ልጄ? ጧፉን ይዤ ነው እንዴ የምመለሰው?›› አሉ። ጧፉን ለኔ ሰጡኝ። ስመለስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከሠላሳ ሴቶች ጋር፣ ያለ ጥላ፣ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ውሃ። በአካባቢው የሴቶች ገዳም አለ፤ ያንን ሰባ አምስት ደቂቃ እዚያ ወስዶ ማስተማር ይቻል ነበር። ማን ያስብበት? ሂሳቡ ተከፍሏል።

ውሃ ያመጣላቸው ማን ነው ብትሉኝ፣ አንድ ጀለቢያ የለበሱ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። በጀሪካን አስይዘው ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ‹‹አብሽሩ እናቶቼ፣ ጠጡ፤ የእንግዳ ነው›› አሏቸው። ብር ሊሰጧቸው ቢሉ ተቆጡ። ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የወረዳው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ያ ገዳም እስከ ዛሬ የኖረው በዚያ ሕዝብ መሀል ነው። አንዳንድ ሰባኪ ማይክራፎን ሲጨብጥ ስለ ግራኝ ይጮሃል፤ ስለነዚህ ሽማግሌ ግን ትንፍሽ አይልም። ወሎ ውስጥ ቆሞ ወሎን አለማየት ይሏል ይኼ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1878 በአፄ ዮሐንስ ፊት ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም በግድ እንዲጠመቅ የተወሰነበት መሬት መሆኑንም የሚናገር የለም። የወሎ ሰው ያን ሁሉ አልፎ ነው ዛሬ ውሃ የሚያቀብለው። ይህን ሳይሰማ የተመለሰ ተሳላሚ ከጉዞው ግማሹን አልሄደም።

ሌላው ቀርቶ የአካባቢው ሰው ከዚህ ሁሉ አውቶቡስ ምን ያገኛል? እንጀራው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይሄዳል። ወጡ በበርሜል፣ ውሃው በፕላስቲክ። ሐይቅ ዳር የሚቀረው የፕላስቲኩ ጠርሙስ ነው። ያ ውሃ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የወደቀበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር ይገባል። የአገሩ ሰው ሐይቁ የተፈጠረው በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ በተሠራ ግፍ ነው፣ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል። (ሴት የተረፈችበት መሬት ሴት የማትገባበት መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ አባቶች ይቅር ይበሉኝ።)

ግሸን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስለ ግሸን ያልተባለ የለምና። አምባው መስቀለኛ ነው፣ መግቢያው ጠባብ ነው፣ መስከረም 21 ቀን ደግሞ ሰው እንደ ጎርፍ ነው። የጌታ ግማደ መስቀል በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ እዚያ ገብቶ ከመሬት ሥር ተቀብሯል የሚለውን ትውፊት ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የማይነገረው ሌላው ግማሽ ነው። ግሸን እስር ቤት ነበር! የነጋሢ ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ፣ ዙፋን እንዳይመኝ ተብሎ በዚያ አምባ ላይ ይታጎር ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሠው ከዚያ ወርዶ ነው። መስቀሉን የት እንደሚያኖር ሲጨነቅ የመረጠው የራሱን እስር ቤት ነው ማለት ነው። ሰባኪ ብሆን ስብከቴን ከዚህ ነበር የምጀምረው! ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ሳለ ስለ መሳፍንቱ አምባ ጻፈ። ወሬው አውሮፓ ደርሶ ሚልተን በ1667 በግጥሙ አነሳው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ‹‹ራሴላስ››ን ጻፈበት፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መለሱልን። የዓለም ሥነ ጽሑፍ የሚያውቀው ግሸን የታሳሪዎቹ ግሸን ነው። በኛ አውቶቡስ ግን አንድም ሰው አልተነፈሳትም። ተቀናቃኝን አምባ ላይ አስሮ መግዛት የሚለው ወሬ ለማን ጆሮ እንደማይመች እንጃ! የኢማሙ ሠራዊት አምባውን ሰብሮ እስረኞቹን ከፈጀ ወዲህ የግሸን እስር ቤት ቀርቷል። ልማዱ ግን ሌላ ሌላ አምባ ማግኘት አላቃተውም።

ከሐይቅ በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ ስንሄድ ውጫሌን አለፍን። አምባሰል ነው፤ ይስማ ንጉሥ እዚያው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ አገር አድዋ የዘመተበት! ‹‹አንዴ አቁሙልን›› አልን፤ ‹‹በፕሮግራሙ የለም›› ተባልን። ያው አምባሰል ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን የሰጠ አገር ነው። እሱንም ቢሆን መዝሙሩ ደፍኖት አልሰማነውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እስከዚህ ያልኩት ስለ ዕውቀት ነው፤ ይህኛው ስለ ነፍስ ነው።

ያ መስመር የጦርነት መስመር ሆኖ የኖረ መስመር ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጊያው ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። አገሩ ሳያገግም በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ አሥር ወር ቆየ። አዋጁ ሲያበቃ ተኩሱ አላበቃም። በዚህ ሁሉ መሀል ‹‹መንገዱ ሰላም ነው፣ እመቤታችን አለች›› እያሉ ሰው የሚመዘግቡ ነበሩ። እመቤታችን አለች፤ ልክ ነው። ግን ሹፌሩን ሌሊት የሚያስነዳው ማን ነው?

አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ከሁለተኛው ጉዞ ስንመለስ አውቶቡሳችን ጨለማ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሽታ አመጣና ቆመ። ስልሳ ሰው መንገድ ዳር ፈሰስን። አስተባባሪው ‹‹መካኒክ ላምጣ›› ብሎ በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፈረ። መካኒኩም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። ስልኩ ተዘጋ። ያደርነው የአካባቢው ገበሬዎች ባነደዱልን እሳት ዙሪያ ነው፤ ሕፃናቱን ወደየቤታቸው ወስደው አስተኙልን። አዲስ አበባ ስንገባ ገንዘባችንን ልንጠይቅ ሄድን። የማኅበሩ ቢሮ የተባለው ቦታ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኖ ጠበቀን። ደረሰኝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ክርክር ያለ ደረሰኝ፣ ‹‹በማን ስም?›› ተብሎ ይቀራል። የማኅበሩን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ በሌላ ስም እየሠራ ነውና ብጽፈውም ምንም አይጠቅማችሁ።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በሦስተኛው ጉዞዬ ያገኘኋቸው ወጣቶች ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰኝ ቆርጠው ሰጥተዋል፣ ሁለት ሹፌር ይዘው ሄደዋል፣ ከመሸ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር አልነዱም። የተረፈውንም ብር ለሐይቅ አብነት ተማሪዎች ብርድ ልብስ ገዝተውበታል። እነዚህ ግን ማስታወቂያቸው ትንሽ ነው፤ ዋጋቸውም ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ወንበራቸው አይሞላም። ሰው ርካሹን ይመርጣል። መምረጡ አያስወቅሰውም፤ ኑሮው ነው። የሚያስወቅሰው ማን ሰው ጭኖ መሄድ እንደሚችል፣ በምን ዓይነት መኪና፣ በምን ዋስትና፣ ሰው ቢሞት ማን እንደሚጠየቅ ሕግ አውጥቶ የማያስከብረው ነው። መንገድ ትራንስፖርቱ ‹‹የሃይማኖት ጉዳይ ነው›› ብሎ ወደ ቤተ ክህነት ይገፋል፤ ቤተ ክህነት ‹‹የግል ማኅበራት ናቸው›› ብላ እጇን ትታጠባለች። መሀል ላይ አሮጊቷ እናት ጧፏን ይዛ ቆማለች።

እነዚያን ተማሪዎች ሳነሳ ነው የሚቆጨኝ። የሐይቅ ታላቅነት ወርቁ አልነበረም፤ ወርቁማ እ.ኤ.አ. በ1531 በታንኳ ሄዷል። ታላቅነቷ ትምህርት ቤቷ ነው። የኔታና ጥቂት ልጆች፣ አንድ ብራና መሀል አድርገው፣ ቁራሽ ለምነው የሚማሩበት ጉባኤ። ዛሬ አንድ አውቶቡስ ተሳላሚ በአንድ ሰዓት ከሩብ ጧፍና ዣንጥላ ሲገዛ የሚያወጣው ብር ስንት ተማሪ ለስንት ወር እንደሚያሳድር አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ጧፍ አትግዙ አልልም። ከሐይቅ ለመውጣት የቸኮለ ሰው ግን ተማሪውን አያየውም፤ ካላየው አይረዳውም። ስለዚህ ነው ሰዓቱን እንደ ትልቅ ነገር ይዤ የምጮኸው። አንድ ሌሊት ሐይቅ ማደር ማለት የኔታን ማግኘት፣ ተማሪውን ማየት፣ እራት ከከተማው ሰው ምግብ ቤት መብላት፣ ጠዋት ሴቶቹን ወደ ሴቶቹ ገዳም ማድረስ ማለት ነው። ላሊበላ ካስፈለገ በሌላ ጊዜ ይኬዳል። አሥራ አንዱ የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ስምንት መቶ ዓመት ቆመዋል፤ እስከ ሚቀጥለው ዓመት አይፈርሱም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አስተባባሪ ደወለልኝ፤ ስልኬን ከድሮው መዝገብ አግኝቶት መሰለኝ። ‹‹ጋሼ፣ ለመስከረም ቦታ ልያዝልዎ?›› አለኝ። ሐይቅ ላይ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ጠየቅሁት። ‹‹እንደ ሁኔታው›› አለ። ደረሰኝ አለ ወይ አልኩት። ‹‹ጋሼ ደግሞ፣ መንፈሳዊ ጉዞ እኮ ነው!›› አለ። ሌሊት ትነዳላችሁ ወይ ስለው ግን ዝም አለ። ቆይቶ ‹‹እሺ፣ ለሌላ ሰው ላስይዘው?›› አለኝ። ማስታወቂያውን ትናንት አየሁት። ‹‹የቀሩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው›› ይላል።